ደረት ከመከፈቱ በፊት፦ አዛውንቶቻችንና የልብ ባይፓስ ኦፕራሲዮን

ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደውን ዳገት የሚያውቅ የአራዳ ሰው ይህን ነገር ደጋግሞ አይቶታል። ጤነኛ የሚመስሉ አዛውንት ዳገቱ መሐል ቆም ይላሉ። ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ትንሽ ሲያርፉ ይለቃቸዋል። «ጨጓራዬ ነው» ይላሉ። ቤተሰቡም «ጨጓራቸው ነው» ብሎ ተልባ ይበጠብጣል፤ ከመድኃኒት ቤት የጨጓራ ኪኒን ይገዛል። በዚህ ዓይነት ዓመት ሁለት ዓመት ያልፋል። በእንቅስቃሴ የሚመጣና በዕረፍት የሚለቅ የደረት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራ ሳይሆን ከልብ ነው። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ደም ሥሮች ጠበዋል፤ ዳገቱ የሚጠይቀውን ደም ማሳለፍ አቅቷቸዋል።

ይህ በሽታ በሚገባ ተመርምሮ ሲታወቅ የሚከተለው ምክር በአጭር ጊዜ ውስጥ ተለውጧል። ድሮ «አቅም ካላችሁ ወደ ውጭ ውሰዷቸው» ይባል ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ በርከት ባሉ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች በቀጭን ቱቦ የልብ ደም ሥርን ማየት፣ የጠበበውንም በስቴንት፣ ማለትም ደም ሥሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ መክፈት ይቻላል። በቁጥር ጥቂት ይሁን እንጂ የባይፓስ ኦፕራሲዮንም እየተሠራ ነው። ስለዚህ «ባይፓስ ያስፈልግዎታል» የሚለው ቃል ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት ላለፋቸው ሰዎች፣ በከተማቸው፣ በቋንቋቸው መነገር ጀምሯል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሕክምናው ባልነበረበት ዘመን ያልነበረ ከባድ ጥያቄም ይዞ መጥቷል፦ ለየትኛው አዛውንት ይሠራ? ለየትኛውስ ይቅር?

የአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና የተጀመረው ከሕፃናት ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት የደከሙበት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ከተማ «የልብ ኦፕራሲዮን» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ከልደት ጀምሮ ልቡ ላይ ቀዳዳ ያለበት ሕፃን፣ ወይም በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልቧ በር የተበላሸባት ወጣት ነበረች። ትክክለኛ ቅደም ተከተልም ነበር። ልጅ ከታከመ በኋላ ገና ስልሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የሐኪሞቻችን ልምድ፣ የማሽኖቹ አቅርቦት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎቹ አሠራርም የተገነባው በዚያው በወጣት አካል ላይ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው ልብ ሌላ ነው። ከልቡ ጋር አብረው ያረጁት ኩላሊት፣ ሳንባና አንጎል ደግሞ ጉዳዩን ያከብዱታል።

አዋቂዎቹ የት ይታከሙ ነበር? የአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆኑት ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በኤድንብራ ተምረው ተመልሰው የስንቱን ሰው ሆድና ደረት የከፈቱት እኒህ ሰው፣ በእስር ላይ ሳሉ ልባቸው ታመመ። ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ በ70 ዓመታቸው አረፉ። ብዙ የአገሪቱን ሐኪሞች ያስተማሩት ሰው ለገዛ ልባቸው ውቅያኖስ መሻገር ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ የተጓዝነው መንገድ አጭር አይደለም፤ ይህን የሚክድ ሰው ለደከሙት ሐኪሞች ፍርድ ያጓድላል።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ እንምጣ። ባይፓስ ማለት በጠበበው ወይም በተዘጋው ደም ሥር ፈንታ ለደሙ ሌላ መንገድ መሥራት ነው። የደረት አጥንት ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ይከፈታል። ከእግር የተወሰደ ደም ሥር፣ ወይም ከደረት ግድግዳ ሥር የሚገኘው ደም ቅዳ ከመዘጋቱ በታች ባለው ቦታ ላይ ይሰፋል። አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ልብ እንዲቆም ይደረጋል፤ የልብና የሳንባን ሥራ ማሽን ይረከባል። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የእግር ደም ሥርን የመጠቀሙን ዘዴ ደግሞ ያስፋፋው አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ክሊቭላንድ። ከደረት የሚወሰደው ደም ቅዳ ከአሥር ዓመት በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ከእግር የሚወሰደው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሊዘጋ ይችላል።

አዛውንቱ የሚያጋጥማቸው አደጋ ምን ያህል ነው? በዚህ ላይ ከተሠሩት ሰፊ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። በ22 ሆስፒታሎች ከታከሙ ከ67,000 በላይ ሰዎች ውስጥ 4,743ቱ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። ባይፓስ ብቻ ከተሠራላቸው ከእነዚህ አዛውንቶች መካከል በሆስፒታል ሳሉ የሞቱት 8.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእነሱ በሚያንሱት ዘንድ ቁጥሩ 3.0 በመቶ ነበር። በስትሮክ የተመቱት 3.9 በመቶ ከ1.8 በመቶ ጋር፣ ኩላሊታቸው የደከመው ደግሞ 6.9 በመቶ ከ2.9 በመቶ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ ወዲህ በበለጸጉት አገሮች ውጤቱ ተሻሽሏል። ተሻሽሎም ግን የአዛውንቱና የጎልማሳው ልዩነት አልጠፋም። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ደግሞ በዓመት መቶዎችን በሚያክሙ፣ የደም ባንካቸው፣ የኩላሊት እጥበታቸውና የሌሊት ተረኛ ባለሙያቸው በተሟላ ሆስፒታሎች መሆኑን መርሳት የለብንም።

አደጋው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ጥያቄውም ይጠራል። በእርጅና ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ ግድግዳው ይጠነክራል፤ በኖራ መሰል ቅርፊት ይሸፈናል። ቀዶ ሐኪሙ ለማሽኑ ቱቦ ለማስገባት ያንን ደም ቅዳ ሲነካና ሲቆነጥጥ ፍርፋሪ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስትሮክ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ለዓመታት በስኳርና በደም ግፊት የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ በማሽኑ ላይ ያለውን የደም ፍሰት ለውጥ አይችልም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ቀናት ከአምስት ታካሚ ቢያንስ አንዱ የልብ ምት መዛባት ያጋጥመዋል። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይህም ይጨምራል፤ የምት መዛባቱም በበኩሉ ስትሮክን ይጠራል።

ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ግን የአእምሮ መቃወስ ነው። አባት በሦስተኛው ሌሊት ልጃቸውን አያውቁትም፤ ቱቦውን ለመንቀል ይታገላሉ፤ ከብዙ ዓመት በፊት የሞተ ወንድማቸውን ይጠራሉ። ቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ «መድኃኒት አሳበደብን» ይላል፤ ወይም ጠበል ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው ከዚህ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ የማይመለስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት 261 ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ 53 በመቶው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ 42 በመቶው የማሰብና የማስታወስ አቅማቸው ከቀድሞው ቀንሶ እንዳገኛቸው ጽፏል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ የልብ በሽታ ኖሮባቸው ኦፕራሲዮን ካልተሠራላቸው ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የረጅም ጊዜው መቀነስ በአብዛኛው ከራሱ ከደም ሥር በሽታው እንጂ ከቢላው እንዳልሆነ አሳይተዋል። ይህ ለታካሚው ተስፋ ነው። ያም ሆኖ ታካሚው ቀድሞ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ «እንግዲያው ሽማግሌን አትንኩ» ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የልደት ዓመት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በየማለዳው አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልመው፣ በእግራቸው እስከ አራት ኪሎ ወርደው የሚመለሱ የ80 ዓመት ሰው አሉ። ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር ሰው የሚፈልጉ የ68 ዓመት ሰውም አሉ። ሐኪሞች ይህን የአቅም መሟጠጥ የሚለኩበት ቀላል መንገድ አላቸው፦ አምስት ሜትር መራመድ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ በአማካይ 76 ዓመት ገደማ ከነበራቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች መካከል አምስት ሜትሩን ለመጨረስ ስድስት ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀባቸው፣ የሞት ወይም የከባድ ጉዳት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ እንደተገኘ ያስረዳል። ይህ መለኪያ ውድ ማሽን አይጠይቅም። ኮሪደር ይበቃዋል፤ ሰዓት ይበቃዋል። በአዲስ አበባ የልብ ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሳይራመድ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት የለበትም።

ሌላው ትልቅ ልዩነት የጊዜ ነው። ተዘጋጅቶ፣ ስኳሩ ተስተካክሎ፣ ደሙ ተሞልቶ፣ ጥርሱ ታይቶ በቀጠሮ የሚገባ አዛውንትና፣ ልቡ ከተመታ በኋላ በሌሊት ተሸክመው የሚያመጡት አዛውንት አደጋቸው በፍጹም አይመሳሰልም። እዚህ ላይ ነው የ«ጨጓራ ነው» ዋጋ የሚታየው። ሁለት ዓመት በተልባ ያለፈበት ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው የልቡ ጡንቻ ከደከመ በኋላ ነው፤ ያኔ ምርጫው ሁሉ ጠቧል።

ጥቅሙስ? ባይፓስ ለሁሉም እኩል አይጠቅምም። ከሦስቱ ዋና ዋና የልብ ደም ሥሮች ብዙዎቹ የጠበቡበት፣ በተለይም ስኳር ያለበት ሰው ከስቴንት ይልቅ በባይፓስ የበለጠ ዕድሜ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው፣ በ1,900 የስኳር ታማሚዎች ላይ የተደረገው ፍሪደም የተባለ ጥናት ይህን አሳይቷል፦ በአምስት ዓመት ውስጥ ስቴንት ከገባላቸው 16.3 በመቶ፣ ባይፓስ ከተሠራላቸው 10.9 በመቶ ሞቱ። በስትሮክ በኩል ግን ሚዛኑ ተገልብጦ 2.4 በመቶ ከስቴንት፣ 5.2 በመቶ ከባይፓስ ሆነ። እንግዲህ ለአንድ አዛውንት «ዕድሜ ልጨምርልዎ፣ በምትኩ የሽባነት ስጋቱን በእጥፍ ይቀበሉ» ማለት ነው። አንዱ ይህን ይቀበላል። ሌላው «በእጄ ጎርሼ፣ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ልሙት እንጂ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ መድኃኒት። በስዊዘርላንድ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው 305 የደረት ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ታይም የተባለ ጥናት፣ ቶሎ ወደ ስቴንት ወይም ወደ ባይፓስ የሄዱት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የተሻለ ኑሮ እንዳገኙ፣ በአንድ ዓመት ግን በሕይወት በመቆየት ከመድኃኒት ተጠቃሚዎቹ ጋር እንደተቀራረቡ አሳይቷል። በ37 አገሮች 5,179 ሰዎችን ያሳተፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሌላ ጥናትም ሕመሙ የተረጋጋ ሰው በመድኃኒት ቢጀምር ቶሎ ኦፕራሲዮን ወይም ስቴንት ካገኘው የበለጠ እንደማይሞት ገልጿል፤ ዋናው የግራ ደም ሥር የጠበበባቸው ሰዎች ግን በዚህ ጥናት አልተካተቱም። አስፕሪን፣ የኮሌስትሮል ኪኒን፣ የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት፦ እነዚህ ስለረከሱ ብቻ «እውነተኛ ሕክምና» የማይመስሉን ለምንድን ነው? በቋሚነት የሚወስዳቸው ሰው ማነሱ ነው የሚያሳስበኝ። ጾም ሲገባ ኪኒን የሚያቆሙ እናቶች ብዙ ናቸው፤ የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ለሕመምተኛ ፈቃድ እንዳለ ይነግሯቸዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ውሳኔውን የሚወስነው ማን ነው? በእኛ ዘንድ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ለልጅ ይነግራል እንጂ ለአባት አይነግርም። ልጅ አሜሪካ ለሚኖረው ወንድም ይደውላል። ዋሽንግተን ያለው «ገንዘቡ ችግር የለም፣ ይሠራ» ይላል። እዚህ ያሉት ይስማማሉ። አባባ ግን «ትንሽ ነገር ነው፣ ቧንቧ ያጸዱልዎታል» ተብለው ይገባሉ። ክፉ ወሬን ከታማሚ መሸሸግ በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ከመርዶ ልማዳችን ጋር አንድ ሥር አለው። ነገር ግን የሚከፈተው ደረት የእሳቸው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተወልደው፣ ሦስት መንግሥት አይተው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ድረው፣ እቁብና ዕድር ያስተዳደሩ ሰው ስለገዛ ሞታቸው መስማት አይችሉም ብሎ ማሰብ ትልቅ ንቀት ነው። ስትሮክ ሊመጣ እንደሚችል ያልሰማ ሰው ፈቅዷል አይባልም፤ ወረቀቱ ላይ የፈረመው ልጁ ነው።

በውጭ ያሉ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የወላጅ ሕይወት ነው፤ ይህን በአክብሮት ነው የምለው። ከርቀት የሚወሰን ውሳኔ ግን የራሱ አደጋ አለው። ያልተገኙበት ዓመታት ጸጸት ሰውን «የሚቻለው ሁሉ ይደረግ» ያሰኛል። ሕንድ ወይም ባንኮክ ወስዶ ማሠራትም እንደ ድሮው አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ቤት ተሽጦ፣ ዘመድ ተለምኖ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። አዛውንቱ ገና ቁስላቸው ሳይደርቅ ረጅም በረራ ተሳፍረው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ቢነሣ፣ ደረት ቢመግል፣ ምት ቢዛባ፣ የሠራላቸው ሐኪም ባሕር ማዶ ነው። ይኸው ስጋት ለሳምንት ከውጭ መጥተው ሠርተው በሚመለሱ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖችም ላይ አለ። ውለታቸው ትልቅ ነው። በቡድኑ የመጨረሻ ቀን የ82 ዓመት ሰው ደረት መክፈት ግን ልክ አይመስለኝም፤ የአዛውንት ችግር በብዛት የሚመጣው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነውና።

ከሆስፒታል በኋላ ያለው ደግሞ ብዙም አይወራም። በሽቦ የተሰፋው የደረት አጥንት ለመጋጠም ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በእጅ ተደግፎ ከዱካ መነሣት፣ ባልዲ ማንሣት፣ ሊጥ ማቡካት አይፈቀድም። በግቢ ውስጥ ያለ የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ በሌሊት በጭለማ መውጣት፦ እነዚህ በውጭ አገር የሕክምና መመሪያዎች ላይ ብዙም አይገኙም፤ ለአራዳ የቀበሌ ቤት አዛውንት ግን የዕለት ኑሮ ናቸው። ይህን ጉድለት ለረጅም ዘመን የሞላው ጎረቤት ነበር። በዶሮ ማነቂያና በሠራተኛ ሰፈር አንድ አዛውንት ከሆስፒታል ሲመለሱ አጥሚት የምታመጣ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ሌሊት የምታድር ሴት አትጠፋም ነበር። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የፒያሳ ብዙ መንደሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። የተሻለ መጸዳጃና የራሱ ኩሽና ያገኘ አለ፤ ይህ ለታማሚ ይጠቅማል። ነገር ግን ያ የአርባ ዓመት ጎረቤት ተበትኗል። ከጥቁር አንበሳ ወይም ከየካቲት 12 ሆስፒታል በእግር ይደርስ የነበረ አዛውንት ዛሬ ለክትትል ሁለት ታክሲ ይለውጣል። ክትትል የቀረበት ባይፓስ ግማሽ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር ቁጥር ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየሆስፒታሉ ባይፓስ ተሠርቶላቸው የሞቱትን፣ የሕመማቸውን ክብደት አመዛዝኖ መመዝገብና ይፋ ማድረግ ጀመረ። ከ1989 እስከ 1992 ባለው ጊዜ የተመዛዘነው የሞት መጠን ከ4.17 ወደ 2.45 በመቶ ወረደ። ተቺዎች «ሐኪሞች ቁጥራቸው እንዳይበላሽ ከባድ ሕመምተኛን መሸሽ ይጀምራሉ» ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም መሠረት አለው። እኛ ግን ገና ከመነሻው ላይ ነን። ዛሬ አንድ የፒያሳ ቤተሰብ አባቱን ይዞ ሲሄድ «ባለፈው ዓመት እዚህ ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ስንት ሰዎች ባይፓስ ሠራችሁ? ስንቱ በእግሩ ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ መልስ ማግኘትም መብቱ ነው። ጤና ሚኒስቴር የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት ሁሉ፣ የመንግሥትም የግልም፣ የሚጎበኙ ቡድኖችም ጭምር፣ ውጤታቸውን በዕድሜ ከፍለው በአንድ መዝገብ እንዲያስገቡና በየዓመቱ እንዲያወጡ ማስገደድ አለበት። ጥቂቱን ሥራ በብዙ ቦታ ከመበተንም በሁለት ወይም በሦስት ማዕከል ማሰባሰብ ይሻላል፤ ይህን ኦፕራሲዮን ደጋግሞ የሚሠራ ቡድን አልፎ አልፎ ከሚሠራው የተሻለ ውጤት እንዳለው በብዙ አገር ታይቷል።

ሁለተኛው ነገር ከሚኒስቴር ትእዛዝ አይጠብቅም። ወላጅህ ዳገት ላይ ደረታቸውን ይዘው የሚቆሙ ከሆነ በዚህ ሳምንት ለልብ ሐኪም አሳያቸው፤ ጨጓራ ነው አትበል። ባይፓስ ከተባለ ደግሞ ሐኪሙ ለእሳቸው፣ በእሳቸው ፊት፣ በሚገባቸው አማርኛ እንዲናገር ጠይቅ፦ ካልተሠራ ምን ይሆናል፣ ከተሠራ ምን ሊያጋጥም ይችላል፣ በመድኃኒትና በስቴንትስ እስከ የት ይደረሳል። ባሕር ማዶ ያለኸውም ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ለእሳቸው ደውል። «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ብለህ ጠይቃቸው፤ አይሆንም ካሉም እሺ በላቸው።